«ነከስክ!»፦ የብሬክ ዳንሰኞች አባባልና የዊንድሚል ነገር

የብሬክ ዳንስ ባትል (ግጥሚያ ማለት ነው) አይታችሁ ምታውቁ ከሆነ ይሄን ምልክት ሳታዩት አትቀሩም። አንዱ መሀል ገብቶ መሬት ላይ ሲሽከረከር ዳር የቆመው ተጋጣሚው ሁለት ክንዱን ወደፊት ዘርግቶ አንዱን ካንዱ በላይ ያደርግና እንደ አዞ አፍ ከፈት ዘጋ፣ ከፈት ዘጋ ያደርጋቸዋል። እኔ መጀመሪያ ያየሁት ቀን ጭብጨባ መስሎኝ አብሬ አጨበጨብኩ። ጎኔ የቆመው ልጅ በክርኑ ጎሸም አድርጎኝ «አንተ ፋራ፣ እየሰደበው እኮ ነው» አለኝ። ምን ብሎ ነው ሚሰድበው ስለው «ነከስክ እያለው ነዋ»።

ማንን ነከሰ? ምኑን? ያን ቀን አልገባኝም፣ ሲገባኝ ግን የዳንሱ ግማሽ የገባኝ ያህል ነው የተሰማኝ።

እነሱ ጋ መንከስ ማለት የሌላ ሰው ሙቭ ወይ ስታይል፣ አንዳንዴ አንዲት የእጅ አጣጣል ብትሆንም፣ አይቶ እንዳለ አንስቶ የራስ አስመስሎ ክብ ውስጥ ይዞ መግባት ነው። እንደዛ ሚያደርገው ሰው «ነካሽ» ይባላል፣ ነካሽ ከመባል ደሞ መሸነፍ ይሻላል። «አትንከስ» ሚለው ህግ ከኒውዮርክ ሰፈሮች የወጣ ነው፣ ማንም ወረቀት ላይ አስፍሮ አልፈረመበትም ግን ዳንሰኛውም፣ ራፐሩም፣ ባቡርና ግድግዳ ላይ ስሙን ሚጽፈው የግራፊቲ ልጅም ይችኑ ቃል ነው ሚጠቀሙት።

በኛ ቋንቋ መንከስ ብዙ ስራ አለው። ጥርስ ነከሰብኝ ካልን ቂም ይዞብኛል ነው፣ ጥርሱን ነክሶ ተማረ ካልን ችሎ፣ ተቋቁሞ ነው። ለዚ ነገር ሚቀርበው ግን «ባጎረስኩ እጄን ተነከስኩ» ነው። ትርጉሙን ሁላችሁም ታውቁታላችሁ፣ ውለታ የዋልክለት ሰው ዞሮ ሲጎዳህ ምትለው ነው። ምስሉ ከገበታችን የመጣ ነው፣ ስታጎርስ ጣትህ ሰው አፍ ውስጥ ነው ሚገባው፣ ከዛ በላይ መተማመን የለም፣ እዛ ላይ የተነከሰ ሰው ደሞ ሚያመው ጣቱ ብቻ አይደለም። አሁን የነሱን ንክሻ ከኛ ጋ አስተያዩት። የኛው ነካሽ ያጎረሰውን እጅ ነው ሚነክሰው፣ የነሱ ግን ማንም ሳያጎርሰው ከሰው ሳህን ቦጨቅ አድርጎ ሚሮጠው ነው። ሁለቱም እዛው መሶብ ዙሪያ ናቸው። እኔ ለራሴ እንዲ ብዬ ነው የያዝኩት፦ ሰው ቁጭ አድርጎ ያሳየህ ጉርሻ ነው፣ ተደብቀህ አይተህ የወሰድከው ንክሻ ነው። ሂፕ ሆፖች ለጉርሻውም አባባል አላቸው፣ «አንዱ አንዱን ያስተምር» ይላሉ፣ እሱ እንኳን ከሂፕ ሆፕ ይቀድማል፣ ጥቁር አሜሪካኖች በባርነት ዘመን ማንበብ ተከልክለው እያለ ፊደል የቆጠረው ላልቆጠረው በድብቅ ያስተምር ከነበረበት ጊዜ የመጣ ነው ሚባለው።

እሺ፣ ይሄ አባባል ከየት ጀምሮ የት እንደሚደርስ በአንድ ሙቭ ታሪክ ላሳያችሁ፣ በዊንድሚል። እግሩን እንደ መቀስ ከፍቶ በትከሻው፣ በጀርባውና በደረቱ እየተንከባለለ መሬት ላይ እንደ ወፍጮ ሚዞረው ማለቴ ነው፣ ብሬክ ዳንስ ሲባል አይናችሁ ላይ ሚመጣው እሱ ነው። (አመቶቹን በሙሉ በፈረንጅ ነው ምጽፈው፣ ግራ እንዳትጋቡ።)

ከስሩ ለመነሳት፣ ኦገስት 11 ቀን 1973 ብሮንክስ ሚባለው የኒውዮርክ ሰፈር ውስጥ፣ ሴጅዊክ አቬኑ፣ ቁጥር 1520 ሚባል የኪራይ ህንጻ ስር አንዲት ሲንዲ ካምፕቤል ምትባል ልጅ ትምህርት ቤት ሊከፈት ሲል ፓርቲ ደገሰች፣ ዲጄው ወንድሟ ነበር፣ ዲጄ ኩል ኸርክ፣ የተወለደው ጃማይካ ነው። ኸርክ ያየው ነገር ምን መሰላችሁ፣ ሰው ዘፈኑን ሙሉ አይደለም ሚጠብቀው፣ ድምጻዊው ዝም ብሎ ከበሮው ብቻውን ሚቀርባትን ያቺን አጭር ቦታ ነው ሚጠብቀው። ያቺ ቦታ «ብሬክ» ትባላለች። ኸርክ አንድን ሸክላ ሁለት ሁለት አድርጎ እየያዘ ያቺን ቦታ እየደጋገመ አራዘማት፣ እሷ ስትመጣ ዘለው ሚገቡትን ልጆች ደሞ ቢ-ቦይ አላቸው፣ የብሬክ ልጆች። እኛ ሰፈር ብሬክ ማለት የመኪና ፍሬን ነበር ሚመስለን፣ እየዞሩ ቆይተው ድንገት ቀጥ ስለሚሉ ነው ብለን አምነን ተቀምጠን ነበር። እውነትም ቀጥ ማለቱ የራሱ ስም አለው፣ ፍሪዝ ይባላል፣ ስሙ ግን ከዛ አልመጣም።

መጀመሪያ ላይ ዳንሱ ብዙም ሽክርክሪት አልነበረውም። ቆሞ መጨፈር፣ ወርዶ በእጅና በእግር መሬት ላይ መሮጥ፣ ከዛ ፍሪዝ፣ በቃ። እነዚ አሁን ፓወር ሙቭ ሚባሉት፣ መላ ሰውነት እንደ እንዝርት ሚሾርባቸው ነገሮች፣ በ70ዎቹ መጨረሻና በ80ዎቹ መጀመሪያ ነው የበዙት፣ የቆዩት ጥቁር ልጆች ዳንሱን ወደ መተው ሲሄዱ ከፖርቶ ሪኮ ቤተሰብ የተወለዱ የብሮንክስ ታዳጊዎች ሲይዙት። ከነሱ አንዱ ሪቻርድ ኮሎን ነው፣ አለም ሚያውቀው ክሬዚ ሌግስ ብሎ ነው። ሮክ ስቴዲ ክሩ ሚባለውን ቡድን ጂሚ ዲ እና ጆጆ ሚባሉ ልጆች በ1977 ብሮንክስ ውስጥ መስርተውት ነበር፣ ክሬዚ ሌግስ በ1979 ገባ፣ ኋላም መሪው ሆነ።

ዊንድሚል እንዴት እንደመጣ ሚናገረው እሱ ራሱ ነው፣ ታሪኩ ደሞ ደስ ሚለው ጀግንነት ስለሌለበት ነው። ልምምድ ላይ ነበር። «ቼር» ሚባል ፍሪዝ አለ፣ ክርንህን ጎንህ ላይ ሰክተህ ጭንቅላትህን መሬት አስነክተህ ተጣመህ ቀጥ ምትልበት። እሱ እዛ ላይ ቀጥ ሊል ሲገባ ፍጥነቱ በዛና አለፈው፣ አለፈውና ጀርባው ላይ ወደቀ፣ እግሩ ግን ገና ጉልበት ነበረው፣ ዞሮ ይዞት ተነሳ። በቃ ይሄው ነው። ፍሬን እንቢ አለው ብትሉ ይቀላል (አያችሁ፣ የኛ ሰፈር ትርጉም ዞሮ ዞሮ ገባ)። ያኔ «ዊንድሚል» ሚባል ስምም አልነበረውም፣ «ማያቆም የጀርባ ሽክርክሪት» እንደማለት ነበር ሚሉት፣ የንፋስ ወፍጮ ሚለው ስም በኋላ ነው የመጣለት፣ እግሮቹ ያንን የወፍጮ ክንፍ ስለሚመስሉ። ለኛ ወፍጮ ሲባል መጅ ወይ ዱቄት የተነሰነሰበት የሰፈር ወፍጮ ቤት ስለሆነ ምስሉ ቶሎ አይመጣም፣ እነሱ ጋ ግን ሜዳ ላይ የቆመ አራት ክንፍ ያለው ግንብ ነው ሚታሰባቸው።

ከካፖኤራ ነው የተወሰደው ሚሉ ሰዎች ሁሌም አሉ፣ የብራዚሉ ጭፈራ መሰል ፍልሚያ ማለቴ ነው። መመሳሰሉ አለ፣ አልክድም፣ ግን የብሮንክስ አንጋፋዎች ሲጠየቁ ሚሉት ያኔ ካፖኤራ ሚባል ነገር አላየንም ነው፣ እኛ ያየነው ታይምስ ስኩዌር አካባቢ ሲኒማ ቤት ሚታይ የኩንግ ፉ ፊልምና የዘፋኙን የጄምስ ብራውንን እግር ነው ይላሉ። እኔ ምድር ላይ ሁለት የተለያየ ሰው እግሩን አንስቶ ቢዞር መመሳሰሉ አይቀርም ባይ ነኝ።

አሁን ዊንድሚልን ቀረብ ብላችሁ እዩት፣ ምክንያቱም ንክሻ ሚባለው ነገር እዚ ላይ ነው ሚገባው። ቆመህ ትጀምራለህ፣ ጎንበስ ብለህ አንድ እጅህን መሬት ታስይዝና ክርኑን እምብርትህ አጠገብ ትሰካዋለህ፣ ይሄንን «ስታብ» ይሉታል፣ መውጋት፣ እውነትም ራስህን የወጋህ ነው ሚመስልህ። ሌላው እግርህ ትልቅ ክብ ሰርቶ ይጠርጋል፣ አንተ በትከሻህ ትወርዳለህ፣ ከትከሻ ወደ ጀርባ ትንከባለላለህ፣ እግርህ እንደ ቪ ተከፍቶ አየር ላይ ይዞራል፣ ከዛ በግንባርህና በእጅህ ተመልሰህ ስታብህ ላይ ትገባለህ። ሚስጥሩ ዳሌህ መሬት አይነካም። ይሄን ለመናገር ቀላል ነው። እኔ የቲቪ ካርቶን ሊሾ ላይ አንጥፌ ስጀምር ለሁለት ወር ያህል መሬት የነካው ዳሌዬ ብቻ ነበር፣ ዳሌ አጥንቴ ላይ በልዞ ጥቁር የሆነ የሳንቲም ያህል ነገር ወጥቶ እናቴ ማን መታህ ብላ ሰፈር ልታስረብሽ ነበር። ካርቶኑ ደሞ ይሸሻል፣ አንተ ስትዞር እሱ ሌላ ቦታ ነው፣ መጨረሻ ላይ አራቱን ጫፍ በፕላስተር ለጠፍነው።

ማን አስተማረህ ካላችሁ ማንም። ቪድዮ ነው። እና ታዲያ እኔ ነካሽ አይደለሁም ወይ? የመጀመሪያው ጥያቄዬ እሱ ነበር፣ ከክሬዚ ሌግስ ሳህን ላይ ማንም ሳያጎርሰኝ ነው እኮ የወሰድኩት።

መልሱ ሙቩ ራሱ ውስጥ አለ። ዊንድሚል ከወጣ በኋላ ሌሎቹ ምን አደረጉ መሰላችሁ፣ እጃቸውን አነሱ። ስታቡን ትተው ያለ እጅ መዞር ጀመሩ፣ ከዛ የተረፈውን እጅ የት እንደሚያደርጉት ነው የተፎካከሩት። ደረቱ ላይ አጣምሮ የዞረው «ማሚ» ተባለ፣ የተገነዘ ሬሳ ነው ሚመስለው። ከጀርባው ያጣመረው «ካቴና» ተባለ። ጭኑ ላይ ያደረገው «እንቁላል መምቻ»። እግሩን አጥፎ እንደ ህጻን ተሰብስቦ የዞረው «ቤቢሚል»። ክንዱን ግራና ቀኝ ዘርግቶ የዞረው «ኤርፕሌን»። እጁን ሱሪው መሀል ያደረገውም አለ፣ የሱን ስም አልተረጉምላችሁም። ሽክርክሪቱ ያው ነው፣ እጅ ወይ እግር ብቻ ነው ቦታ የቀየረው፣ ግን እያንዳንዱ ስም አገኘ እንጂ ማንም ነካሽ አልተባለም። ወስደህ ከገለበጥከው ያንተ ነው፣ እንዳለ ይዘኸው ከመጣህ ንክሻ ነው። ተራው ዊንድሚል ደሞ አሁን ፊደል ሆኗል፣ ሀ ብሎ የጻፈ ሰው ሰረቀ አይባልም፣ ከማን እንደመጣ ሁሉም ያውቃላ፣ ያንን ስም እስካልደበቅክ ድረስ ችግር የለም። ደብቀህ የኔ ነው ካልክ ግን «ባለቤቱን ካልናቁ አጥሩን አይነቀንቁ» ነው ነገሩ፣ ክቡ ውስጥ ያለው ሁሉ የተናቀ ይመስለዋል።

የሚገርመኝ ግን ህጉ ክቡ ውስጥ ብቻ ነው ሚሰራው። ከውጪ ማምጣት ይቻላል፣ እንዲያውም ያስመሰግናል። «ፍሌር» ሚባለውን ፓወር ሙቭ ውሰዱ፣ በሁለት እጅህ መሬት ይዘህ እግሮችህ ተከፍተው ዙሪያህን ሚጠርጉት፣ ዳሌም ትከሻም ሳይነካ። እሱ የጅምናስቲክ ነው፣ ከርት ቶማስ ሚባል አሜሪካዊ በ70ዎቹ «ፈረስ» በሚሉት እጀታ ያለው መስሪያ ላይ ይዞት መጣና በስሙ «ቶማስ ፍሌር» ተባለ። ከርት ቶማስ ቀላል ሰው አይደለም፣ በ1978 ስትራስቡርግ ላይ በወለል ጅምናስቲክ አለም ሻምፒዮን ሲሆን የመጀመሪያው አሜሪካዊ ወንድ ነበር፣ በ1979 ፎርት ዎርዝ ላይ ደሞ 6 ሜዳልያ ወሰደ፣ ለ1980 ሞስኮ ሲዘጋጅ አገሩ ኦሎምፒኩን ቦይኮት አደረገችና ቀረበት፣ ያሳዝናል፣ በ2020 በ64 አመቱ አረፈ። ብሬክ ዳንሰኞቹ ፍሌሩን ከፈረሱ አውርደው አስፋልት ላይ አደረጉት፣ ከዊንድሚል አስነስተው ወደሱ፣ ከሱ ደሞ መልሰው ወደ ዊንድሚል አገቡት። ማንም ነከሳችሁ አላላቸውም።

ልዩነቱን አያችሁት? ጅምናስቲክ መዝገብ አለው፣ ትልቅ ውድድር ላይ መጀመሪያ የሰራው ሰው ስሙ ይጻፍለታል፣ ከዛ በኋላ አለም ሙሉ ቢሰራው ባለቤቱ አይጠፋም። የብሮንክስ ልጆች መዝገብ አልነበራቸውም፣ ምስክራቸው ክቡን ሰርቶ የቆመው ሰው ብቻ ነው። እኔ እንደሚመስለኝ «አትንከስ» እንደዛ የከረረው ለዛ ነው፣ ምንም በሌለው ሰፈር ውስጥ የኔ ምትለው ነገር አንዲት የፈጠርካት ሙቭ ከሆነች፣ እሷንም ሌላው ቅዳሜ ማታ ይዟት ቢገባ፣ ክስ ምትመሰርትበት ቦታ የለህም። ያለህ ሁለት ክንድ ነው፣ እንደ አዞ ከፈት ዘጋ።

ከዛ በኋላማ ነገሩ ከቁጥጥር ወጣ። በ1981 ሮክ ስቴዲዎች ዳይናሚክ ሮከርስ ከሚባል የኩዊንስ ቡድን ጋ (ኩዊንስም የኒውዮርክ ሰፈር ነው) ሊንከን ሴንተር ሚባለው ትልቅ የኪነጥበብ ማዕከል በር ላይ ተጋጠሙ፣ ጋዜጠኛ መጣ። በ1983 ፍላሽዳንስ ሚባለው ፊልም ወጣ፣ ሮክ ስቴዲዎች መንገድ ላይ ሲጨፍሩ ለትንሽ ደቂቃ ይታያሉ፣ መጨረሻ ላይ ዋናዋ ተዋናይ በጀርባዋ ስትሽከረከር ያያችኋት ደሞ እሷ አይደለችም፣ ዊግ ያደረገ ክሬዚ ሌግስ ነው። ያን ፊልም ያየ ልጅ ሁሉ በየአገሩ ካርቶን አነጠፈ። በ2024 ፓሪስ ኦሎምፒክ፣ ፕላስ ደ ላ ኮንኮርድ ላይ፣ ጃፓናዊቷ አሚ እና ካናዳዊው ፊል ዊዛርድ ወርቅ ሲወስዱ ዳኞቹ በአምስት መስፈርት ነበር ሚመዝኑት፣ ከአምስቱ አንዱ ፈጠራ ነው፣ ከመቶ 20። የድሮዋ «አትንከስ» ኮምፒውተር ላይ ገብታ ነጥብ ሆነች ማለት ነው።

አሁን ወደኛው ልመለስ፣ ይሄን ሁሉ ሳስብ አእምሮዬ ላይ ሚመጣው የቅኔ ቤት ነው። ዝምድና አላቸው እያልኩ አይደለም፣ ብሮንክስና የጎጃሙ የቅኔ ቤት ዋሸራ አይተዋወቁም። ግን ህጉ ያው ነው። ተማሪው ጫካ ገብቶ ብቻውን ቅኔ ይቆጥራል፣ ተመልሶ መምህሩ ፊት ይናገራል፣ ጉባኤ ቃና ሁለት ቤት ብቻ ነው ግን ትላንት ሌላው ያለውን ይዞ ከመጣ ጉድ ፈላ፣ የትላንቱን የራሱንም ቢሆን አይደግምም፣ ዛሬ አዲስ ነው። በዛ ላይ ቋንቋችን ላይ ቀልድ አለ፦ አዲስ ቅኔ ከራሱ አፍልቆ ያወረደን ሰው ምን እንለዋለን? «ቅኔ ዘረፈ»! ፈረንጁ የሰረቀውን ነከሰ ሲል እኛ የፈጠረውን ዘረፈ እንላለን። ፎካሪውም ክብ መሀል ዘሎ ሲገባ «ዘራፍ!» ነው ሚለው። ሁለቱም ጋ ግን ቃሉ ከጉልበት ነው የተወሰደው፣ ጥርስና ጦር፣ ሁለቱም ጋ ሰው ክብ ሰርቶ ቆሞ ይፈርዳል።

የኔን ልጨምርና ላብቃ። ግራ ትከሻዬ ስለሚያመኝ ዊንድሚል ስዞር አንድ እጄን ማጅራቴ ላይ አደርግ ነበር፣ ስታይል ብዬ አይደለም፣ አሞኝ ነው። ልጆቹ ግን ወደዱትና የኔ ተባለ፣ እኔም ዝም አልኩ። አንድ ቀን በእድሜ ከኔ ብዙ ሚያንስ ልጅ ክብ ውስጥ ገብቶ እጁን ማጅራቱ ላይ አድርጎ ዞረ። ደሜ ፈላ፣ ክንዶቼን ዘረጋሁ፣ ከፈት ዘጋ ልጀምር ስል ልጁ ከሽክርክሪቱ ተነስቶ በጉልበቱ ቆመ፣ እጁ እዛው ማጅራቱ ላይ እንዳለ፣ ትከሻውን እንደ ጎጃም እስክስታ አንዴ፣ ሁለቴ፣ ሶስቴ ሰበቀና ቀጥ አለ። ሰፈሩ ጮኸ። እኔ ክንዴን እንደዘረጋሁ ቀረሁ፣ ወዴት እንደምወስደው ጠፍቶኝ ማጨብጨብ ጀመርኩ፣ እንደዛ እንደመጀመሪያው ቀን ማለት ነው፣ አሁን ግን አውቄ።

በኋላ ያቺን ትከሻ እንዴት ነው ያወጣሃት፣ እስኪ ቀስ ብለህ አሳየኝ አልኩት። «ወንድም ጋሼ፣ እርስዎም የራስዎን ይፈልጉ» ብሎኝ በሳቅ ሞተ፣ አንቱ ያለኝ ሊያበሽቀኝ ነው። እስካሁን አላሳየኝም።